የሚመቸው ለማን ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ ፎቅ ተከራይተው በሚያስተምሩ ትናንሽ ኮሌጆች ባነር ላይ ከትምህርት ክፍሎቹ ስም ይልቅ ጎልቶ የሚታየው የሰዓቱ ዝርዝር ነው፤ በቀን፣ በማታ፣ በቅዳሜና እሁድ፣ በርቀት። ሐሳቡን የሚጠላ የለም። ውሎዋ በሥራ ለተያዘ ነርስ ወይም ለባንክ ሠራተኛ ከዚህ ሌላ መንገድ የለም። የማታ ትምህርትም ከግል ኮሌጆች በፊት የነበረ፣ ብዙ ሰው ለወግ ያበቃ ባለውለታ ነው። የሚያጣላን በአማራጭ ስም የሚሸጠው ነገር ነው።

ሂሳቡን እንሥራው። ባለ ሦስት ክሬዲት ኮርስ በሳምንት ሦስት ሰዓት፣ በ16 ሳምንት 48 ሰዓት ክፍል ውስጥ ሊሰጥ ይገባዋል። ይኸው ኮርስ ለዊኬንድ ተማሪ በአራት እሁድ ሲጠቀለል፣ መምህሩ በየእሁዱ አራት ሰዓት ሳያጓድል ቢያስተምር እንኳ 16 ሰዓት ነው፤ ሲሶው ማለት ነው። ክፍያው ግን ሲሶ አይሆንም፤ ትራንስክሪፕቱ ላይ የሚሰፍረውም ያው ሦስት ክሬዲት ነው። ስለ ቀሪው 32 ሰዓት የሚጠይቅ ተማሪ የሚያገኘው መልስ «ሃንድአውቱን አንብቡ» ነው። እሁድ ዕለት ግን ቤተ መጻሕፍቱ ዝግ ነው፤ የኮምፒዩተር ክፍሉ ቁልፍም ያለው ቅዳሜ በወጣው ሠራተኛ ኪስ ውስጥ ነው።

አማራጩ ራሱም ከምዝገባ አያልፍም። ተማሪው ከፍሎ ከጨረሰ በኋላ ሬጅስትራር መስኮት ላይ «በቂ ተማሪ ስላልተገኘ ኮርሱ በዚህ ሴሚስተር አይሰጥም» የሚል ወረቀት ይለጠፋል። ተማሪውም መሠረታዊውን አካውንቲንግ ሳይወስድ ኮስት አካውንቲንግ ክፍል ይገባል። የማታውና የዊኬንዱ ተማሪ ይቀላቀል ሲባል ደግሞ አለቃውን ፈረቃ እንዲቀይርለት የሚለምነው እሱ ነው። ፕሮግራሙ የተመቻቸው ለኮሌጁ ወጪ ነው።

ኮሌጆቹ መልስ አላቸው፤ ለስምንት ተማሪ መምህር መቅጠር አያዋጣም ይላሉ። እውነት ነው። ታዲያ የማያዋጣውን ለምን ያስተዋውቃሉ? አቅሙ ለሁለት ፕሮግራም የሆነ ኮሌጅ ሁለቱን ብቻ ይክፈት፤ ከፍሎ የገባው ተማሪ እስኪመረቅ ድረስም አያጥፋቸው።

«የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ» ይባላል። በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርቶች በአገር አቀፍ ደረጃ ሲሰጥ፣ ከመንግሥት ተቋማት ተፈታኞች 62 በመቶ ያህሉ ሲያልፉ ከግል ተቋማት ያለፉት 17 በመቶ ገደማ ነበሩ። ጥፋቱ ሁሉ የሰዓት ነው ማለት አይቻልም፤ የተማሪው አገባብና የመምህሩ ብቃትም አለበት። ሆኖም ሲሶ ሰዓት ተምሮ ሙሉ ፈተና የተቀመጠ ሰው ውጤቱ ሊያስደንቀን አይገባም።

ተመዝጋቢ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት እስከ ምረቃ ያለውን የኮርስ ድልድልና የእያንዳንዱን ኮርስ የክፍል ሰዓት ማኅተም አስደርጎ ይቀበል። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንም ዕውቅና ሲያድስ የሕንፃና የመምህራን ማስረጃ በማየት ብቻ አይመለስ፤ አንድ እሁድ ጠዋት ሳይነግር ሄዶ ስንት ክፍል ውስጥ መምህር እንዳለ ይቁጠር።