ቁልፍ መክፈት የሚማር ልጅ



ባለፈው ወር አንድ አባት የ12ኛ ክፍል ተማሪ የሆነ ልጃቸውን አስከትለው ወደ ዝግጅት ክፍላችን መጥተው ነበር። ገና ከመቀመጣቸው፣ «እናንተ ስለ ወጣቶች የምትጽፉ ናችሁና ይህን ልጅ ምከሩልኝ» አሉን። ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ የተማሪዎች ውጤት በሚመዘገብበት የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ የክፍሉን ልጆች ማርክ አይቷል። ትምህርት ቤቱ እስከዚያች ቀን ድረስ አላወቀም። አባትየው የሰሙት ከታናሽ እህቱ ነው።

«አሁን ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ስገባ የምማረው ይህንኑ ነው፣ የመረጃ ደህንነት ይባላል ይለኛል። ወላሂ ግራ ገባኝ! ሌብነት በዲግሪ ይሰጣል እንዴ?» አሉ።

ልጁ አንገቱን እንደደፋ፣ «አባባ፣ ከፍቼ አየሁ እንጂ የነካሁት ነገር የለም» አለ።

ይህችን «የነካሁት ነገር የለም» የምትል ቃል እንያዛት፤ ኋላ እንመለስባታለን። በቅድሚያ ግን ለአባት ጥያቄ መልስ መስጠት ይገባል፤ ተመሳሳይ ጥያቄ ያላቸው ወላጆች ብዙ እንደሆኑ እናውቃለንና።

ስልክ እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን፣ ጅዳና ሪያድ የነበሩ ልጆቻችን ድምፃቸውን በካሴት ቀድተው፣ ገንዘቡንም በፖስታ አሽገው፣ ወደ አገር በሚገባ መንገደኛ እጅ ለእናቶቻቸው ይልኩ ነበር። ጠባቂዋ እናት የምትጨነቀው ስለ ሦስት ነገር ነው። መንገደኛው ካሴቱን ሰምቶ የቤታችንን ገመና ያወጣው ይሆን? ከገንዘቡስ ይቀንስ ይሆን? ደግሞስ ዕቃው በጊዜው ይደርስ ይሆን? እንግዲህ የመረጃ ደህንነት የሚባለው ትምህርት እነዚህኑ ሦስት ጭንቀቶች ይዞ የተነሣ ነው። ባለሙያዎቹ ሚስጥራዊነት፣ ምሉዕነትና ተደራሽነት ይሏቸዋል። እኛ ቤት ስሙ አማና ነው። የተለወጠው መንገደኛው ነው፤ ዛሬ ገንዘባችንን፣ የሐኪም ካርዳችንንና የልጆቻችንን ውጤት ተሸክሞ የሚሄደው ኮምፒውተር ሆኗል።

ታዲያ ተማሪው በዲግሪ ደረጃ ምን ይማራል? ፊልም ላይ እንደሚታየው በጨለማ ክፍል ተቀምጦ ፊደል ማዝነብ አይደለም። በአገራችን ብዙው ወጣት ወደዚህ ሙያ የሚገባው በኮምፒውተር ሳይንስ፣ በሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ወይም በኢንፎርሜሽን ሲስተም የመጀመሪያ ዲግሪ በኩል ነው። ፕሮግራም መጻፍ አለ፤ የኮምፒውተሩን ውስጥ የሚያስተዳድረው ኦፕሬቲንግ ሲስተም አለ፤ ዳታቤዝና ኔትወርክ አለ። የሚስጥር ጽሑፍ ቀመር፣ ከወንጀል በኋላ ዱካ መፈለግ፣ ሕግና የሙያ ሥነ ምግባር የሚመጡት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ፤ በውስጡ 50 በመቶ ያላመጣ አይመረቅም። ስለዚህ የእኛ ምክር፣ «ሳይበር» የሚል ቃል በስሙ ላይ ስላለ ብቻ ወደ አንድ ኮሌጅ አትሩጡ የሚል ነው። የትምህርቱን ዝርዝር አስመጥታችሁ ተመልከቱ። ሒሳብ፣ ኔትወርክና ኦፕሬቲንግ ሲስተም በደንብ ከሌሉበት ግድግዳ የሌለው ጣሪያ ነው።

«ሒሳብ ምን ያደርግልኛል?» የሚል ልጅ ካለ፣ በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በባግዳድ የኖረውን አልኪንዲን እናስታውሰው። አልኪንዲ የሚስጥር ጽሑፎችን ስለ መፍታት የጻፈው መልእክት ኢስታንቡል ውስጥ በሱለይማኒያ ቤተ መጻሕፍት ተጠብቆ ቆይቷል። ዘዴው ቆጠራ ነው። በማንኛውም ቋንቋ አንዳንድ ፊደሎች ከሌሎች ይበልጥ ይደጋገማሉ፤ በዐረብኛ አሊፍና ላም እንደሚበዙት ማለት ነው። በሚስጥር ጽሑፉ ውስጥ አብዝቶ የሚመላለሰውን ምልክት ቆጥረህ፣ በቋንቋው አብዝቶ ከሚመላለሰው ፊደል ጋር ታስተያየዋለህ። ፊደልን በፊደል በመተካት ብቻ የተሠራ ሚስጥር በዚህ መንገድ ይፈታል። በቁጥር የተከፈተውን በር የሚዘጋውም ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 በአሜሪካው ኤምአይቲ ሦስት ምሁራን ያወጡት አርኤስኤ የተባለው ስልት የቆመው፣ ከ1ና ከራሳቸው በቀር ለሌላ የማይካፈሉ ሁለት ግዙፍ ቁጥሮችን ማባዛት ቀላል ሆኖ ሳለ፣ ከብዜቱ ተነሥቶ ሁለቱን መልሶ ማግኘት እጅግ አስቸጋሪ በመሆኑ ላይ ነው። ሒሳብን የሚሸሽ ልጅ እንግዲህ ሌላ ሙያ ቢመርጥ ይሻለዋል። ይህን የምንለው ለማስፈራራት አይደለም፤ ሦስተኛ ዓመት ላይ ደርሰው የሚያለቅሱ ልጆች ስላየን ነው።

አደጋ ሁሉ ከሰርጎ ገብ የሚመጣ የሚመስለው ወጣትም አለ። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት፣ የረመዳን የመጀመሪያው ሳምንት ሳያልቅ፣ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ባንኩ እንደገለጸው የሳይበር ጥቃት አልነበረም፤ ሲስተሙ ሲስተካከል የተፈጠረ ስህተት ነበር። ሰዎች በሂሳባቸው የሌለውን ገንዘብ ከማሽን አወጡ፣ ወደ ሌላ ላኩ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ወሬው ከማደሪያ ወደ ማደሪያ በስልክ በረረ። ባንኩ ያጣሁት 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ነው አለ። አብዛኛው ቢመለስም፣ ያልመለሱ ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ በአደባባይ እስከ መለጠፍ ተደረሰ። በዚያች ሌሊት ካርዱን ይዞ ከተሰለፈው ልጅና ካልጋው ካልተነሣው ልጅ መካከል የነበረው ልዩነት የኮምፒውተር እውቀት አልነበረም።

አሁን ወደዚያች ቃል እንመለስ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 2 ቀን 1988 ሮበርት ሞሪስ የተባለ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ራሱን እያባዛ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የሚዘዋወር ፕሮግራም በኢንተርኔት ላይ ለቀቀ። የሚገርመው፣ አባቱ ራሳቸው በአሜሪካ መንግሥት ውስጥ የኮምፒውተር ደህንነት ባለሙያ ነበሩ። ፕሮግራሙ ፋይል አላጠፋም፤ ልጁም ለጉዳት አላሰብኩም ነበር አለ። ይሁን እንጂ ፕሮግራሙ በአንዱ ማሽን ላይ እየተደራረበ በሺህ የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮች በሥራ ብዛት ታፍነው ቆሙ። እ.ኤ.አ. በ1990 ፍርድ ቤት የ3 ዓመት የገደብ ቅጣት፣ የ400 ሰዓት የኅብረተሰብ አገልግሎትና 10,050 ዶላር ወሰነበት። ኋላ ላይ የኤምአይቲ ፕሮፌሰር ለመሆን በቅቷል፤ በር ለዘላለም አልተዘጋበትም። ግን በፍርድ ቤት አልፎ ነው የደረሰው።

የእኛም አገር ሕግ ስለዚህ ዝም አላለም። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በሰው ኮምፒውተር ውስጥ ሆን ብሎ ያለ ፈቃድ መግባትን ራሱን ወንጀል ያደርገዋል፤ እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ሊያስቀጣ ይችላል። ምንም አለመንካት ከዚህ አያድንም። የሰው ቤት በር ከፍቶ ገብቶ፣ ሳሎን ቆሞ፣ ምንም ሳይወስድ የወጣን ሰው ባለቤቷ ምን እንደምትለው እናቶችን ጠይቁ። ቁልፍ ሠሪውና ሌባው የሚያውቁት እውቀት አንድ ነው፤ የሚለያያቸው ባለቤቱ መጥራቱ ነው። በሙያው ዓለምም የሌላውን ሲስተም ጥንካሬ የሚፈትን ሰው የት ድረስ መግባት እንደሚችል በጽሑፍ ፈቃድ ይቀበላል። ያለ ኢዝን የተፈተነ በር የተሰበረ በር ነው።

ልጁ፣ «ታዲያ በምን ልለማመድ?» ብሎ ጠየቀ፤ ጥሩ ጥያቄ ነው። በራስህ ኮምፒውተር ላይ። ሊነክስም ቨርቹዋልቦክስም በነፃ ይገኛሉ። በአንድ ማሽን ውስጥ ሁለት ምናባዊ ኮምፒውተሮች አቁመህ አንዱን በሌላው ብታጠቃ የምትጎዳው የራስህን ነው። እንደ ሲሲኤንኤና ሴኩሪቲ ፕላስ ያሉ የምስክር ወረቀቶችም ይጠቅማሉ፤ ሆኖም በየ3 ዓመቱ ይታደሳሉና ለዲግሪ ምትክ አድርገህ አትያቸው። ለመሆኑ ያቺ ታናሽ እህትስ? አባትየው ከልጁ ይልቅ በሒሳብ የምትበልጠው እርሷ እንደሆነች ሲያጫውቱን፣ ታዲያ እርሷንስ ስለምን ይዘዋት አልመጡም አልናቸው። ሳቁ።

የሥራ ቦታ ጉዳይ ለሚያሳስባቸው ወላጆችም አንድ ቃል። በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ዘምዘም ባንክ ከወለድ ነፃ ቢሆንም ከጠባቂ ነፃ አይደለም። ሆስፒታሉም፣ ቴሌኮሙም፣ ዩኒቨርሲቲውም እንደዚሁ።

ከመሄዳቸው በፊት ልጁን በምን ዘዴ እንደገባ ጠየቅነው። ትልቅ ጥበብ ጠብቀን ነበር። የይለፍ ቃሉ በወረቀት ተጽፎ ከኪቦርዱ ሥር ተለጥፎ እንደነበረ ነገረን።

በሚቀጥለው ሰኞ አባትና ልጅ አብረው ወደ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ሄዱ። ርዕሰ መምህሩ ተቆጡ፤ ልጁንም ለሁለት ሳምንት ከኮምፒውተር ክፍል አገዱት። ወረቀቷ ግን በዚያኑ ቀን ከኪቦርዱ ሥር ተነሥታለች ሲሉ አባትየው በስልክ ነግረውናል።