መሐንዲስ የሚያሰኘው ምንድን ነው?

በ2015 ዓ.ም. ከየትምህርት ክፍሉ በመጀመሪያ ዲግሪ የሚመረቁ ተማሪዎች ሁሉ የመውጫ ፈተና እንዲቀመጡ በተደረገ ጊዜ፥ ከ100 ተፈታኞች ያለፉት 40 ገደማ ብቻ መሆናቸው ተነገረ። ከዚያ ወዲህ ስለ መሐንዲሶች ክርክር በተነሣ ቁጥር ሁለት ወገን ይሰማል። አንዱ «ፈተናውን ያለፈ መሐንዲስ ነው፤ ሌላ ምን ይፈለጋል?» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «የጎንደርን ግንብ የሠሩት በምን ፈተና አልፈው ነው?» ብሎ ይሣለቃል። እኔ ከሁለቱም ጋር አልስማማም።

ሁለተኛውን ባጭሩ ልመልስ። ቆሞ የምናየው የጸናው ግንብ ነው፤ በዚያው ዘመን ተሠርቶ በማግሥቱ የፈረሰውን ማን ቆጠረው? በቀረው እየተመኩ የጠፋውን አለመጠየቅ ማስረጃ አይሆንም።

የመጀመሪያው ግን ብርቱ ነውና በእርሱ ላይ እቆያለሁ። እኔ መሐንዲስ አይደለሁም፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ጨርሼ በበየዳ በመንግሥት ሥራ ላይ ያለሁ ጸሓፊ ነኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ የደጋ ቀበሌ የመጠጥ ውሃ ሊያጠና የመጣ ወጣት ባለሙያ እንድሸኝ ታዘዝሁ። ወሩ ጥቅምት ነበር። ወጣቱ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከምንጩ ሥር ደቅኖ በሰዓቱ ለካ፤ ስሌቱንም ከእኔ ዐይን በፈጠነ እጅ ጻፈ። ብልህ ልጅ ነበር፤ ይህን አልክድም። አጠገባችን የቆሙ አንድ ሽማግሌ «ልጄ፥ ይህን ምንጭ በመጋቢት አይተኸዋልን?» አሉት። «አባባ፥ ስሌቱ ይበቃል» ብሎ በትሕትና መለሰ። እኔም የአገሬውን በጋ እያወቅሁ ዝም አልሁ፤ ወረቀት የያዘ ሰው ሲናገር ዝም ማለት ልማዳችን ነውና። ቦኖው ተሠራ፤ ተመረቀ። መጋቢት ሲገባ ጠብ የሚል ጠፋ፤ በድንጋያማው ስፍራ ሳይቀበር የቀረውም ቧንቧ በውርጭ ተሰነጠቀ። ሴቶቹ እንስራቸውን አዝለው ወደ ገደሉ ሥር ተመለሱ።

በውኑ ያ ወጣት ምርጫ ከተሰጠው ጥያቄ መካከል ትክክለኛውን ማክበብ ተስኖት ነበርን? አልነበረም። የጎደለው፥ ምንጭ የሚለካው ውሃው እጅግ ባነሰበት ወር መሆኑን በሥራው ላይ የሚያሳየው አለቃ ነው።

ዝናም ቢሆን ብቻውን አያድንም። እ.ኤ.አ. በ1907 በካናዳ የኬቤክ ድልድይ በሥራ ላይ ሳለ ወድቆ 75 ሠራተኞችን ገደለ። አማካሪው ቴዎዶር ኩፐር በዘመኑ ስመ ጥር መሐንዲስ ነበር፤ ነገር ግን የብረቱን ሥራ የሚመራው ኒውዮርክ ተቀምጦ ነው። ብረቱ መጉበጡን ያየው በስፍራው የነበረው ወጣት ረዳት ነው፤ ወሬውን ይዞ ኒውዮርክ በደረሰበት ቀን ድልድዩ ወደቀ። በዚያው ዓመት በአሜሪካ የዋዮሚንግ ግዛት የመሐንዲስ ፈቃድ ሕግ አወጣ። ዛሬ በዚያ አገር ተመራቂው ፈቃዱን ለማግኘት፥ ሁለት ፈተና ከማለፉም በላይ፥ እንደ ደንቡ 4 ዓመት ያህል በሥራ ላይ መቆየት አለበት።

«እኛም የሥራ ልምድ እንጠይቃለን» የሚለኝ ይኖራል። የልምዱን ደብዳቤ የምጽፈው እኔና መሰሎቼ ነን፤ ስለዚህ ምን እንደሚል አውቃለሁ። የተቀጠረበትን ቀን፥ ደመወዙን፥ ጠባዩ መልካም መሆኑን ይናገራል፤ ማኅተምም ያርፍበታል። ምን እንደ ሠራ፥ የሠራውም ከክረምቱ በኋላ ቆሞ እንደ ሆነ አንድም ቃል የለበትም። «ኢንጂነር» የሚለው ማዕርግ ግን ከምረቃው ማግሥት ጀምሮ ከስሙ በፊት ይጻፋል።

ፈተናው ይቅር አልልም፤ ያላወቀ አይለፍ። ሆኖም እርሱ የበሩ መክፈቻ ይሁን። ፈቃድ የሚሰጠው ተመራቂው በቆላም በደጋም ከአንድ የታወቀ መሐንዲስ ሥር ሲያገለግል ቆይቶ፥ አለቃውም የሠራውን በስፍራው አይቶ፥ ለጥፋቱም አብሮ ሊጠየቅ ስሙን ሲፈርምለት ይሁን። የመጨረሻው ጥያቄም በሜዳ ላይ ይቅረብ። ፈታኞቹ በመጋቢት ጀሪካንና ሰዓት ይዘው ወደ በየዳ ቢመጡ፥ ለመፈተኛ የሚሆነውን ምንጭ እኔ አሳያቸዋለሁ።