የዕድሩ ደብተር የሚያውቀውን ቀበሌው አያውቅም

አጎቴ ካረፉ ሰባተኛ ዓመታቸውን ይዘዋል። መቃብራቸው ከቤታቸው ጀርባ፣ ከእንሰቱ ማዶ ነው። ከጉኑኖ ብዙም በማይርቅ አንድ የገጠር ቀበሌ፤ የቀበሌውን ስም ልተወው። የቀብሩ ዕለት የመንደሩ ሰው በሙሉ ወጥቶ ነበር። ዛሬ የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ የሆነው ሰውም ነበር። አካፋ እየተቀባበልን አፈር አልብሰናል።

ባለፈው ወር የአጎቴን ባለቤት ይዤ የሞት ምስክር ወረቀት ለማውጣት ወደዚያው ሰው ቢሮ ሄድኩ። ሰላምታችን ረጅም ነበር፤ ከብቱንም ዝናቡንም ጠየቅን። ከዚያ ጉዳያችንን ነገርነው።

«ሟች ለመሞታቸው ማስረጃ ያስፈልጋል» አለ።

የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። አልቀለደም። ሦስት ምስክር፣ የሟች መታወቂያ፣ የጋብቻ ማስረጃ፣ ከዕድር ደግሞ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ። «እኔ ማወቄ አይበቃም፣ መዝገቡ ነው ማወቅ ያለበት» አለን፣ አፍሮ። እውነቱን ነው። ይህን የምጽፈው እሱን ለመውቀስ አይደለም። እንዲያውም በዚያ ቢሮ ውስጥ ሕጉን አክብሮ የሠራ ሰው ቢኖር እሱ ነው።

ወረቀቱ ለምን አስፈለገ ለምትሉ፦ የመሬት ይዞታ ደብተሩ በአጎቴ ስም ነው። ልጆቹ ትልልቅ ሆነዋል፣ ሁለቱ መካፈል ይፈልጋሉ። ወላይታ ውስጥ አንድ ቤተሰብ ያለው መሬት ስንት እንደሆነ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ብዙው ግማሽ ሄክታር አይሞላም። ያንን ለመካፈል የወራሽነት ውሳኔ ከፍርድ ቤት ያስፈልጋል፣ ፍርድ ቤቱ የሞት ማስረጃ ይጠይቃል፣ የሞት ማስረጃው ቀበሌ ነው። ባንክ ያለችው ትንሽ ቁጠባም እንደዚሁ። ሴትዮዋ ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ መሬቱን እያረሱ፣ ግብሩን በሟች ስም እየከፈሉ ኖረዋል። ሟች በየዓመቱ ግብር የሚከፍሉበት አገር ነው እንግዲህ።

የዚህ ነገር ሥር ረጅም ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ልደት፣ ጋብቻና ሞት መዝገብ በዝርዝር ደንግጎ ነበር። ነገር ግን የዚያው ሕግ መጨረሻ ላይ፣ ቁጥር 3361 ላይ፣ መዝገቡን የሚመለከተው ክፍል ሌላ ትእዛዝ በነጋሪት ጋዜጣ እስኪወጣ ድረስ አይጸናም ተባለ። ትእዛዙ ሳይወጣ ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ መጥቶ ሄደ። የወሳኝ ኩነቶች ምዝገባና የብሔራዊ መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ነው፤ ምዝገባው በአገር ደረጃ በይፋ የተጀመረው ደግሞ ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም.። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ በዚህ አገር የሞተው ሁሉ የሞተው በሰው አፍ ብቻ ነው።

ጉኑኖ ላይ ይህ ነገር ለየት ብሎ ይከነክነኛል። በ1970ዎቹ የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክት፣ ከስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ጋር፣ እዚያ ጣቢያ ነበረው። ስንት ሚሊ ሜትር ዝናብ እንደወረደ፣ ከተዳፋቱ እርሻ ስንት አፈር ተጠርጎ እንደሄደ በዝርዝር ይመዘገብ ነበር። ጥሩ ሥራ ነው፣ ተመራማሪዎች ዛሬም ይጠቅሱታል። ግን አስቡት፤ የጉኑኖ አፈር ከእርሻው ሲሄድ የሚጽፍለት ነበረው፣ የጉኑኖ ሰው ወደ አፈሩ ሲገባ ግን የሚጽፍለት አልነበረም።

አሁን ሕጉ አለ፣ መዝገቡም አለ። ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው?

ሕጉ ሞትን በ30 ቀን ውስጥ አስመዝግቡ ይላል። የማስታወቁን ግዴታ በመጀመሪያ የሚጭነው ከሟች ጋር አብሮ በሚኖረው ላይ ነው፤ እሱ ከሌለ በዘመድ፣ ከዚያም በጎረቤት ላይ። በወረቀት ሲታይ ምክንያታዊ ነው። ግን ሠላሳኛው ቀን የት እንደሚውል ልብ በሉ፤ የኦርቶዶክሱ ተዝካር እንኳ አርባ ነው። ድንኳኑ ፈርሶ፣ የሩቅ ዘመድ ገና እየመጣ ባለበት ሰሞን ባሏ የሞተባት ሴት ተነስታ ቢሮ ትሂድ ማለት ነው። አትሄድም። ለምንስ ትሄዳለች? ለልጅ የልደት ምስክር ወረቀት ትምህርት ቤት ይጠይቃል፣ ስለዚህ ሰው ያወጣል። ሞት ግን ጠያቂ የሚያገኘው ንብረት ሲነሳ ብቻ ነው፤ ያኔ ደግሞ ዓመታት አልፈዋል።

ንብረት የሌለው ሟችስ? ከሁሉ የሚያንገበግበኝ እዚህ ላይ ነው። በሦስተኛ ሳምንቱ የሚሞት ሕፃን አለ። ልደትን ለማስመዝገብ የተሰጠው 90 ቀን ስለሆነ ገና አልተመዘገበም። ሲሞት ደግሞ የሚወረስ ነገር ስለሌለው የሚያስመዘግበው የለም። በመንግሥት ዓይን ያ ልጅ አልተወለደም፣ አልሞተምም። እናቱ ግን ትቆጥረዋለች፤ ስንት ልጅ አለሽ ስትባል ያለውን ትናገርና ትንሽ ቆይታ የሄደውን ትጨምራለች። በአንድ ቀበሌ በአንድ ክረምት አምስት ሕፃናት ቢሞቱ፣ ጤና ቢሮው ከዚህ መዝገብ ምን ሊያውቅ ነው?

ምስክሩና ደብዳቤው ይቅር እያልኩ አይደለም። መሬት በጠበበበት አገር በሕይወት ያለን ሰው «ሞቷል» ብሎ መሬቱን ለመውሰድ የሚሞክር አይጠፋም። ወንጂም መተሐራም ለሥራ ወርዶ ለዓመታት ወሬው የጠፋ፣ ከዚያ አንድ ቀን በእግሩ የገባ ሰው በየመንደሩ አለ። ስለዚህ ሥራ አስኪያጁ መጠርጠሩ ተገቢ ነው። ነገር ግን ለማጭበርበር የሚመቸው ጊዜ የትኛው ነው? ሕዝብ ሁሉ ሬሳ ፊት በቆመበት ዕለት ነው ወይስ ከሰባት ዓመት በኋላ ሦስት ምስክር በሻይ ቤት በሚገኝበት ቀን? መዝገቡ በዘገየ ቁጥር ውሸት ይቀልላል፣ እውነት ይከብዳል።

ነገሩ የገባኝ የዕድሩ ደብዳቤ ሲጠየቅ ነው። መንግሥት በመጨረሻ የሚያምነው ዕድሩን ነው! በሰባተኛው ዓመት የዕድር ማኅተም ማስረጃ ይሆናል፤ በመጀመሪያው ቀን ግን ዕድሩን የጠየቀው የለም። ታዲያ ለምን ከመጀመሪያው አይጠየቅም? የዕድሩ ጸሐፊ ሰው ሲሞት ያንኑ ዕለት ይጽፋል፤ ካልጻፈ ገንዘቡ አይወጣም፣ ድንኳኑ አይተከልም። በወሩ መጨረሻ ያንን ገጽ ለቀበሌ እንዲያሳይ ማድረግ አዲስ ሕንፃም አዲስ በጀትም አይጠይቅም። ዕድር የሌለውን ቤት፣ በተለይ የሕፃናቱን ሞት፣ ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ያውቁታል። ቤተሰቡ የሚፈርመው እቤቱ ሆኖ፣ ሥራ አስኪያጁ ለማስተዛዘን ሲሄድ መዝገቡን ይዞ ቢሆንስ? ለመሄድ እንደሆነ አይቀር፣ ጎረቤት ነው።

ይህ ህልም አይደለም። አዲስ አበባ ላይ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የዩኒቨርሲቲው ተመራማሪዎች በየመቃብር ቦታው፣ በቤተ ክርስቲያኑም በመስጊዱም፣ ቀብር የሚመዘግቡ ሰዎች አስቀምጠው ኤድስ ስንት ሰው እየገደለ እንደሆነ ለማወቅ ችለዋል። ቡታጅራ አካባቢ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ቤት ለቤት እየተሄደ ልደትና ሞት ሲጻፍ ኖሯል። ሁለቱም ጋ ሐዘንተኛው ቢሮ እስኪመጣ አልተጠበቀም። ለጥናት የተቻለው ለዜጋ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም።

ደግሞ አሁን ፋይዳ መጥቷል። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 መሠረት ለእያንዳንዱ ሰው የማይደገም ቁጥር እየተሰጠ ነው፣ ባንኩም አገልግሎቱም በእሱ እየታሰረ ነው። ሰዎችን ወደ መዝገቡ ለማስገባት የሚደረገውን ዘመቻ አያለሁ። የሚሞቱትን ከመዝገቡ ለማውጣት ግን ከሐዘንተኛው እግር ሌላ ያዘጋጀነው መንገድ የቱ ነው?

ወደ ጉዳያችን ልመለስ። የአጎቴ ባለቤት የሞቱበትን ቀን ሲጠየቁ «ጊፋታ ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው» አሉ። አንዱ ምስክር ነሐሴ ነው አለ፣ ሌላው መስከረም። የዕድሩ ጸሐፊ ቤት ሄድን። ከሳጥን ውስጥ ጠርዙ የተበላ ደብተር አወጣ፣ ምራቁን ጣቱ ላይ እያስነካ ገለጠ። ቀኑ አለ። የወጣው ብር አለ። ቡና ያመጡት፣ ሳይመጡ ቀርተው የተቀጡት ስም አለ፤ ከተቀጡት አንዱ እኔው የአባቴ ልጅ ወንድሜ ነው።

ደብዳቤው ተጻፈ፣ ማኅተም አረፈበት። ለቀበሌ ስናስገባ የአጎቴ ስም በይዞታ ደብተሩ ላይ በ«ጦ»፣ በመታወቂያቸው ላይ በ«ቶ» ተጽፎ ተገኘ። የአንድ ሰው ስም መሆኑን የሚያረጋግጥ ሌላ ደብዳቤ አምጡ ተብለናል። ማክሰኞ እንሄዳለን።