ድንጋዩ ከሰማይ ነው፣ ገንዘቡስ የት ገባ?

ባለፈው ሰሞን አንድ አባት ጥቁር ድንጋይ በፌስታል ይዘው ወደ ዝግጅት ክፍላችን መጡ። ማገዶ ሊለቅሙ ወጣ ብለው ያገኙት ነው። ከበድ ይላል፣ ማግኔትም ይይዘዋል። አንድ ደላላ «ይሄ ከሰማይ የወረደ ነው፣ ውጭ አገር ወርቅ ያስንቃል፣ ለምርመራ ግን ትንሽ ሽልንግ ያስፈልጋል» ብሏቸው ራሽናቸውን ሸጠው ሰጥተውታል። ደላላው ከዚያ ወዲህ ስልክ አያነሳም።

አንዳንዶቻችን ሳቅን። መሳቅ አልነበረብንም። በሶማሊያ ሂራን ውስጥ ኤል አሊ በምትባል ከተማ አጠገብ 15.2 ቶን የሚመዝን ብረት አዘል ድንጋይ አለ ሲባል፣ እረኞቹ ለብዙ ትውልድ ያውቁት ነበር፣ ቢላም ይስሉበት ነበር። ሳይንቲስቶች የሰማይ ድንጋይ መሆኑን የለዩት ግን እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። 70 ግራም ያህል ቁራጭ ካናዳ አልበርታ ዩኒቨርሲቲ ደርሶ፣ በ2022 በተፈጥሮ ታይተው የማያውቁ ማዕድናት እንዳሉበት ተነገረ፤ አንዱም በቦታው ስም ተጠራ። ድንጋዩ ራሱ ለሽያጭ ወደ ቻይና መሄዱ ተዘግቧል። ስለዚህ እረኛ ወይም ማገዶ ለቃሚ «አገኘሁ» ሲል ቢያንስ መስማት ይገባል።

ከሰማይ የወረደ ሁሉ ደግሞ የሰማይ ድንጋይ አይደለም። እዚሁ ኬንያ፣ ማኩዌኒ ውስጥ ሙኩኩ በተባለ መንደር ታኅሣሥ 30 ቀን 2024 (እ.ኤ.አ.) 500 ኪሎ ገደማ የሚመዝን የብረት ቀለበት ወደቀ። የአገሪቱ የጠፈር ኤጀንሲ መርምሮ የሮኬት ቁራጭ ነው አለ።

ታዲያ በምን ይለያል? ማግኔት ብቻውን ምስክር አይሆንም፤ ተራ የብረት ማዕድንም ይሳባል። (እንዲያውም ኃይለኛ ማግኔት ድንጋዩ ውስጥ ያለውን የጥንት መረጃ ስለሚያጠፋ ባለሙያዎች አይወዱትም።) የሸክላ ንጣፍ ጀርባ ላይ፣ ያልተወለወለው በኩል፣ ፈተግ አድርጉት። ቀይ ቡናማ ወይም ጥቁር መስመር በደንብ ካሰመረ አብዛኛውን ጊዜ የምድር ማዕድን ነው። እንደ እንጀራ ዓይን የተበሳሳ ከሆነም የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ወይም የብረት ማቅለጫ ዝቃጭ ነው፤ እንዲህ ያለው በቱርካና ምድር ሞልቷል። አዲስ የወደቀ የሰማይ ድንጋይ ቀጭን ጥቁር ቅርፊት ይኖረዋል፣ ውስጡ ብዙ ጊዜ ነጣ ይላል። የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ግን ላቦራቶሪ ነው፤ በተለይ የኒኬሉን መጠን ለክቶ። ስምም የሚጸድቀው 20 ግራም ወይም የክብደቱ አንድ አምስተኛ፣ ከሁለቱ አነስተኛው፣ ለተቋም ተሰጥቶ ሲቀመጥ ነው። በደላላ ስልክ የሚጸድቅ ነገር የለም።

የሽማግሌውን ድንጋይ ፈተግነው። ጥቁር መስመር አሰመረ፣ ጎኑም የተበሳሳ ነው። ነገርናቸው። ዝም ብለው ቆዩና «እሺ፣ ድንጋዩስ ይሁን፣ ገንዘቤስ?» አሉን።

ጥያቄው የእኛም ነው። የብሎክ መሪዎች ይህን ሰው እንደ ተራ አጭበርባሪ አይተው ማለፍ የለባቸውም፤ የሸጠው ተስፋ በራሽን ተከፍሎበታል። ድንጋይ ያገኘም ሰው ቦታውን ምልክት ያድርግ፣ ፎቶ ያንሳ፣ ሳያጥብና ሳይሰብር ያቆይ፣ ከምርመራ በፊት ለማንም ሽልንግ አይቁጠር። ያገኘው ነገር ብረት መሳይ፣ ክብና ሹል ከሆነ ግን ጥይት ወይም ቦምብ ሊሆን ስለሚችል አይንካው፤ ልጆችን አርቆ ለፖሊስ ያሳውቅ።

በዚሁ ደላላ ገንዘብ የተወሰደባችሁ ካላችሁ ወደ ዝግጅት ክፍላችን ብቅ በሉ። ሽማግሌው ብቻቸውን ከሚከሱ አብራችሁ ብትቀርቡ ይሻላል።