እንግዳ የማይመለስበት አገር

በቆላው እንግዳን መመለስ ነውር ነው። ገለጉ ላይ ከመኪና የወረደ ሰው የማን ልጅ እንደሆነ ሳይጠየቅ ውሃ ይቀርብለታል፣ ጥላ ይፈለግለታል፣ ቡና ይፈላለታል። ትርፍ አልጋ ከሌለ ባለቤቱ አልጋውን ለቆ ደጅ ይተኛል። "እንግዳ ደራሽ፣ ውሃ ፈሳሽ" ይባላል። ደርሶ ይሄዳል፤ እስኪሄድ ድረስ ግን የቤቱ ክብር እሱ ነው።

መልካም ባህል ነው፤ የሚነካ የለበትም። ዛሬ የምጽፈው ይህ ባህል ስለሚያስከፍለው ዋጋ ነው። እምቢ በማይባልበት አገር የሚመጣ ሰው ሁሉ "ስለተፈለግሁ ነው የመጣሁት" ብሎ ያስባል። ፈገግታውን እንደ ግብዣ፣ ቡናውን እንደ ምስጋና ይቆጥረዋል። ባለቤቱ ምን እንደጎደለበት የሚነግረው የለም።

ስለ ማን ነው የማወራው? ክረምት በመጣ ቁጥር ባነር አሠርተው፣ አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰው ለሁለትና ለሦስት ቀን ወደየወረዳው ስለሚወርዱ ቡድኖች ነው። "ሕፃናትን ልረዳ" ብሎ ባሕር ተሻግሮ ስለሚመጣ ወጣት ነው። ከዲያስፖራ ለእረፍት መጥቶ በመሃሉ አንድ በጎ ሥራ ሠርቶ ለመመለስ ስለሚፈልግ ወገን ነው። እንደ እኔ ካሜራና ማስታወሻ ደብተር ይዞ ስለሚዞር ጋዜጠኛም ነው። የሁላችንም ልብ ንጹሕ ነው ብዬ ልነሳ። ጥያቄዬ ሌላ ነው፤ ስንሄድ ምን ይቀራል? የመስተንግዶውን ወጪስ ማን ከፈለው?

ይህ ቆላ እንግዳ ማስተናገድ የጀመረው ዛሬ አይደለም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከጎንደር ወደ ስናር ሲወርድ በ1764 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1772) ራስ ፊል በሚባለው በመተማ አካባቢ ቆላ ከርሟል። እዚያ ተቅማጥ ያዘውና ሊሞት ደረሰ። ያዳነው ከአውሮፓ ይዞት የመጣው መድኃኒት አይደለም። የቆላው ሰው የሚያውቀው፣ እኛ ዋጊኖስ የምንለው ተክል ነው። ብሩስ ራሱ ይህን በመጽሐፉ መስክሯል። አገሩ ሲገባም የአውሮፓ የዕፅዋት ሊቃውንት ለተክሉ ሳይንሳዊ ስም አወጡለት፤ "ብሩሲያ" አሉት። ያዳነው የቆላው ሰው እውቀት ነው፤ ስሙ የቀረው ግን የእንግዳው ነው።

ይህን የማነሳው ብሩስን ለመውቀስ አይደለም። ቢያንስ እሱ ማን እንዳዳነው ጽፏል። የማነሳው "ረጂ" እና "ተረጂ" የምንላቸው ቃላት ቦታቸውን ብዙ ጊዜ እንደሚስቱ ለማሳየት ነው። ለእርዳታ የመጣው ሰው ቋንቋ ተርጓሚ ይፈልጋል፣ መንገድ መሪ ይፈልጋል፣ የተጣራ ውሃ ይፈልጋል፣ ወባ ሲይዘው አስታማሚ ይፈልጋል። በመጀመሪያው ሳምንት የሚረዳው እሱ ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። አንድ ምሳሌ ልስጥ፤ ካላዛር።

መተማን፣ ቋራንና ሁመራን የሚያውቅ ሰው ይህን በሽታ ያውቃል። የሚያስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የሚባል ጥቃቅን ነፍሳት ነው፤ በመረሬው አፈር ስንጥቅና በግራሩ ሥር ይኖራል። በሰሊጥ አጨዳ ወቅት ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ውጭ ያድራል፤ እዚያው ይነደፋል። ትኩሳቱ አይለቀውም፣ ሰውነቱ ይከሳል፣ ጣፊያው ያብጣል፤ ካልታከመ ይሞታል። በሽታው ከሠራተኛው ጋር አብሮ ወደ ደጋም ወጥቷል። በ1997 ዓ.ም. ሊቦ ከምከም ላይ ወረርሽኝ ሆኖ ሲነሳ መጀመሪያ የታሰበው መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው ተብሎ ነበር። ካላዛር መሆኑ እስኪታወቅ ብዙ ሰው አልቋል።

በአገራችን የተለመደው የካላዛር ሕክምና በየቀኑ የሚሰጥ መርፌ ነው፤ 17 ቀን ይፈጃል። እስኪ ይህን ቁጥር ያዙት። ለሦስት ቀን የመጣ በጎ ፈቃደኛ ሐኪም እንኳ ቢሆን የአንድ ታካሚ መርፌ አያስጨርስም። መርፌውን የሚያስጨርሰው እዚያው የሚኖረው ነርስ ነው። ያ ነርስ እንግዶችን ክፍል ለክፍል እያዞረ ሲያስጎበኝ የሚውልበት ግማሽ ቀን ደግሞ ከታካሚዎቹ የተወሰደ ግማሽ ቀን ነው። ይህን ለእንግዳው አይነግረውም። ነውር ነዋ!

በሌላ በኩል በዚሁ በሽታ ላይ የእንግዳ ሥራ ፍሬ ያፈራበትም ምሳሌ አለ። ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን በሁመራና በአብደራፊ ለዓመታት ካላዛርን አክሟል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲም የምርምርና የሕክምና ማዕከል አለው። ልዩነቱ የዜግነት አይደለም። እነዚህ በሽታው የሚጠይቀውን ያህል ቆይተዋል፤ ሲሠሩም የአገሩን ባለሙያ ይዘው ነው።

ትምህርት ቤትም እንዲሁ ነው። ሁላችሁም ያያችሁት ፎቶ አለ፤ ወጣቶች ብሩሽ ይዘው የመማሪያ ክፍል ግድግዳ ሲቀቡ። ግድግዳው ያምራል። ነገር ግን አሥር ሰው ከአዲስ አበባ ወይም ከባሕር ዳር ለማጓጓዝ፣ ለማሳደርና ለመመገብ የወጣው ገንዘብ የገለጉን ቀለም ቀቢ ስንት ቀን ያሠራ ነበር? ከቀለሙ ተርፎስ ስንት ወንበር ይገዛ ነበር? እዚያው ሥራ ፈቶ የተቀመጠ ባለሙያ እያለ ብሩሽ ይዞ የማያውቅ ሰው ከሩቅ አምጥቶ ማስቀባት በጎ ፈቃድ ሊባል ይችላል፤ ቁጠባ ግን አይደለም።

ፊት እንዲህ አልነበረም። በ1955 ዓ.ም. መግቢያ የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን ወደ ኢትዮጵያ ሲመጡ ቁጥራቸው ሦስት መቶ አይሞላም ነበር። ከመምጣታቸው በፊት አማርኛ ተምረዋል። ለሁለት ዓመት ተመድበው በየጠቅላይ ግዛቱ ባሉ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አስተምረዋል። በፖለቲካው ሊተቹ ይችላሉ፤ ተተችተዋልም። ሆኖም ተማሪው መስከረም ላይ ያየውን መምህር ሰኔም ላይ ያገኘዋል። ዛሬ ሦስት ሳምንት እንግሊዝኛ አስተምሮ የሚሄድ ወጣት የሚተወው ፊደል ሳይሆን ናፍቆት ነው።

ናፍቆቱ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ ጋና የዚህ ትምህርት ቤት ሆናለች። የአውሮፓና የአሜሪካ ወጣቶች ለአስጓዥ ድርጅቶች እየከፈሉ ለጥቂት ሳምንት በሕፃናት ማሳደጊያ ለማገልገል ወደ አክራና ወደ ሌሎች ከተሞች ይጎርፋሉ። እንግዳው ሲበዛ ማሳደጊያውም በዛ። ልጆቹ ሲጣሩ ግን አብዛኞቹ ቢያንስ አንድ ወላጅ በሕይወት ያላቸው ሆነው ተገኙ። ድህነት ነበር ከቤታቸው ያስወጣቸው። ቀሪው ደግሞ እነሱን ለማቀፍ የሚከፍል እንግዳ መኖሩ ነው። የጋና መንግሥት ፈቃድ የሌላቸውን ቤቶች ወደ መዝጋትና ልጆቹን ወደ ዘመድ ወደ መመለስ ገባ። እንግዳው ያቀፈው ልጅ በየወሩ አዲስ ሰው ይወዳል፤ በየወሩም ይለየዋል። ወላጅ ካለው ልጅ ጎን መቆም ማለት ወላጁን መደገፍ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሳ የጋላባትን ድልድይ ተሻግሮ መተማ ዮሐንስ የገባው ሕዝብ በአሥር ሺዎች ይቆጠራል። ሱዳናዊ ብቻ አልነበረም፤ እዚያ ይኖር የነበረ የእኛም ሰው፣ የሌላ አገር ዜጋም ነበረበት። ኩመርና አውላላ መጠለያዎች ተከፈቱ። ክረምት ላይ ኩመር ኮሌራ ገባ። በ2016 ዓ.ም. ከአውላላ ወጥተው በመንገድ ዳር ጫካ የሰፈሩ ስደተኞች ነበሩ፤ ኋላ ሁለቱም መጠለያዎች ተዘግተው የቀሩት ወደ አፍጢጥ ተዛወሩ።

በዚህ ሁሉ መሃል ፎቶ አንሺም መጥቷል። ዓለም እንዲያውቅ መዘገቡ ተገቢ ነው፤ ሙያዬም ነው። ነገር ግን ድልድዩን ገና ተሻግራ ልጅዋን አዝላ የቆመች እናት ፊቷ ላይ ካሜራ ሲደቀን "አታንሳኝ" የማለት አቅም የላትም። ስደተኛም እንደ ባለቤቱ ነው፤ እሱም እምቢ ማለት አይችልም። ዱቄት ሰጥቶ ፊትን መውሰድ ስጦታ አይባልም። ልውውጥ ነው፤ ያውም ተመኑን አንዱ ወገን ብቻ ያወጣው ልውውጥ።

"ታዲያ ማንም አይምጣ ነው የምትለው?" የሚል ይኖራል። አይደለም። ገለጉ በአንድ ወገን አላጣሽ ብሔራዊ ፓርክን፣ በሌላ ወገን የመይሳው ካሳን ቋራ ይዛ እንግዳ የማያይባት ከተማ ሆና እንድትቀር የሚፈልግ የለም። አላጣሽ በ1998 ዓ.ም. ፓርክ ሆኖ የተከለለ፣ ከ266 ሺህ ሄክታር በላይ የሚሰፋ ምድር ነው፤ ማዶው የሱዳን ዲንደር ፓርክ ነው።

በ2008 ዓ.ም. ሐንስ ባወር የሚባል የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የመራው ቡድን በአላጣሽ አንበሳ መኖሩን በካሜራ ወጥመድና በዱካ አረጋገጠ። በሁለቱ ፓርኮች ከ100 እስከ 200 አንበሳ ሊኖር እንደሚችልም ገመተ። የዓለም ዜና "ያልታወቀ አንበሳ ተገኘ" ብሎ ጮኸ። ለቋራ ሰው አንበሳው መቼም ጠፍቶ አያውቅም፤ ከብቱን ሲጠብቅ የኖረው ከማን ነው? ቢሆንም ያ ቡድን የሠራው ሥራ እውነተኛ ነው። የቆየው ለጥቂት ቀን ነው፤ ግን እዚያ ያልነበረ መሣሪያና ሙያ ይዞ መጣ፣ አገሬው የሚያውቀውን ወደ ማስረጃ ለወጠ፣ ማስረጃውም ለፓርኩ ጥበቃ መከራከሪያ ሆነ። ሥራው ቀኑን ይወስን እንጂ ቀኑ ሥራውን አይወስን። የአምስት ቀን ሥራ ካለህ አምስት ቀን ይበቃል። የ17 ቀን ሥራን በሦስት ቀን እሠራለሁ አትበል።

የመንገዱ ጸጥታ ሲመለስና እንግዳ እንደልቡ ሲገባ፣ እንደ ጎብኚ መምጣትም ክቡር ነገር ነው። አልጋ ተከራይ፣ ምሳህን ከምግብ ቤቱ ብላ፣ ለመንገድ መሪህ በአግባቡ ክፈል፣ የገለጉን ገበያ ሰሊጥና ማር ገዝተህ ሂድ። ይህ ከግድግዳ ቀለም የበለጠ ለብዙ ቤት ይደርሳል። ማንም ባለውለታ ሳይሆን፣ ማንም አንገቱን ሳይደፋ የሚሠራ ንጹሕ ግብይት ነው። ጉብኝትን ጉብኝት እንበለው፤ ስሙን ለውጠን "እርዳታ" ስንለው ነው ባለቤቱ አልጋውንም ምስጋናውንም በነጻ እንዲሰጥ የሚገደደው።

ለእርዳታ ነው የምመጣው የምትል ግን ሻንጣህን ከመዝጋትህ በፊት አራት ጥያቄ መልስ። ማን ጠራህ? አገሬው የሌለውን ምን ሙያ ይዘሃል? ሥራው የሚጠይቀውን ቀን ልትቆይ ትችላለህ? ስትሄድ ሥራውን የሚቀጥለው ማን ነው? አራቱም መልስ ካላቸው መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ። ከሌላቸው የትራንስፖርቱንና የአበሉን ገንዘብ ሥራውን እዚያው ሆነው ለሚሠሩት ላክ፤ ፎቶ አይኖርህም፤ መርፌው ግን ያልቃል።

ለገለጉና ለመተማ ወገኖቼም አንድ ቃል አለኝ። ቤታችሁ የመጣን ሰው ማስተናገድ ባህላችሁ ነው፤ ትምህርት ቤታችሁና ጤና ጣቢያችሁ ግን ሳሎን አይደሉም። "ሥራ ላይ ነን፣ ከሰዓት ኑ" ማለት ነውር የለበትም። "ቀለም አንፈልግም፣ ወንበር ነው የጎደለን" ማለትም እንግዳ መመለስ አይደለም፤ እንግዳውን ወደ ቁም ነገሩ መምራት ነው። የወረዳው ትምህርትና ጤና ጽሕፈት ቤቶችም የጎደላቸውን ነገር በአንድ ገጽ ጽፈው በር ላይ ቢለጥፉ፣ የሚመጣው ሁሉ መጀመሪያ ያንን ቢያነብ ብዙ ድካም ይቀር ነበር።

እስከዚያው ግን ሸክሙ የእኛ የእንግዶቹ ነው። ባለቤቱ እምቢ ማለት በማይችልበት ቤት፣ ከመግባቱ በፊት ራሱን መጠየቅ ያለበት እንግዳው ነው።

ቸር ይግጠመን።