የራጅ መሣሪያ ሲመረጥ ጥገናውም ይታሰብ

ሳል የጠናበትን ወይም አጥንቱ የተሰበረውን ገበሬ ከገጠር ይዞ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ድረስ የመጣ ቤተሰብ፣ የራጅ መሣሪያው ተበላሽቷል ከተባለ ድካሙም ወጪውም መና ይቀራል።

ሮንትገን እ.ኤ.አ. በ1895 ያገኘው ጨረር ዛሬ ያለ ፊልምና ያለ ጨለማ ክፍል ምስሉን በኮምፒዩተር ያሳያል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2021 ለሳንባ ነቀርሳ ልየታ የደረት ራጅን በኮምፒዩተር ማንበብን ደግፏል።

ይሁን እንጂ ዲጂታል መባሉ ብቻውን ለምርጫ አይበቃም። መሣሪያው መብራት ሲዋዥቅ መከላከያ ያለው፣ መለዋወጫው በአገር ውስጥ የሚገኝ፣ ጠጋኙ በውል የታሰረ፣ ባለሙያው የሠለጠነበት፣ ክፍሉም ጨረር እንዳያሾልክ በእርሳስ የተሸፈነ መሆን አለበት።

ለጤና ጣቢያ ገንዘብ የሚያሰባስቡ የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ከዋጋው አስቀድመው «ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል?» ብለው መጠየቅ ይገባቸዋል። በርካሽ ተገዝቶ ሥራ ፈትቶ የሚቀመጥ መሣሪያ የገበሬውን ላብ ከንቱ ያስቀራል።