በደጋ ሐይቅ ዳር አእዋፍን ስለ መመልከትና ስለ መቍጠር

አንድ ወረዳ የሚያስተዳድር ሹም በመዝገቡ ውስጥ ብዙ ነገር ያስጽፋል። የእርሻውን ስፋት፣ የከብቱን ቍጥር፣ የግብሩን ልክ፣ የዝናሙን መግባትና መውጣት፣ የአንበጣውንና የተምቹን ጥፋት ሁሉ ጸሓፊው በየጊዜው እየመዘገበ ወደ በላይ ያስተላልፋል። በግዛቱ ውስጥ ሐይቅ ያለው ሹም ግን ስለ ሐይቁ ጤና ቢጠየቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ውሃው ዐምናም ነበረ፤ ዘንድሮም አለ» የሚል ብቻ ነው። ሐይቅ ዝም ብሎ የተኛ ስለሚመስል ደኅንነቱን የሚጠይቅለት የለም። ዳሩ ግን ሐይቅም እንደ ከብትና እንደ ሰብል ይታመማል፤ ሕመሙም ለሁሉ ሰው ዓይን ከመገለጡ አስቀድሞ በላዩ በሚኖሩት አእዋፍ ይታወቃል። ስለዚህ በጥር ወር ማለዳ መነጽር ይዞ በሐይቅ ዳር የሚቀመጥ፣ ወፍም እየቈጠረ የሚጽፍ ሰው እንደ ሥራ ፈት ተቈጥሮ ሊሳቅበት አይገባም። የሚሠራው ሥራ የአገር ሀብት ቈጠራ ነው።

ለዚህ ነገር ምሳሌ የሚሆን የሐሸንጌ ሐይቅ ነው። ሐሸንጌ ከኮረም በስተ ሰሜን፣ ከማይጨው በስተ ደቡብ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ስፍራ በተራሮች መካከል ይገኛል። ርዝመቱ 5 ኪሎ ሜትር፣ ወርዱም 4 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስሙ ሲጠራ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው በ1928 ዓመተ ምሕረት ከማይጨው ጦርነት በኋላ ወደ ኋላ ይመለስ በነበረው የኢትዮጵያ ሠራዊት ላይ የጠላት አውሮፕላን በዚያ ስፍራ ያወረደውን ቦምብና የመርዝ ጢስ ነው። ይህ ታሪክ የሚረሳ አይደለም። ከታሪኩ ሌላ ግን ሐሸንጌ ለእርሻ ሰው የሚያስተምረው ነገር አለው። ከዙሪያው ተራሮች የሚወርደው ውሃ ሁሉ ይገባበታል እንጂ ከእርሱ የሚወጣ ወንዝ የለም። መውጫ የሌለው ሐይቅ የተሰጠውን ሁሉ ያስቀራል፤ አፈር ቢገባ አፈር፣ ከእርሻ የታጠበ ማዳበሪያ ቢገባ ማዳበሪያ በሆዱ ይከማቻል። በተራራው ወገብ ላይ ያለው ገበሬ በደንብ ወይም ያለ ደንብ ማረሱ በመጨረሻ የሚታየው በሐይቁ ወለል ላይ ነው።

በዚህ ሐይቅ ላይ ከመስከረም ወር ጀምሮ እንግዶች ይመጣሉ። በአውሮፓና በእስያ ሰሜን ብርዱ ሲበረታ፣ ውሃውም በረዶ ሊሆን ሲቃረብ፣ የዚያ አገር ዳክዬዎች ወደ ደቡብ ይነሣሉ፤ በሺህ የሚቈጠር ኪሎ ሜትር ተጕዘው በኢትዮጵያ ደጋ ሐይቆች ላይ ያርፋሉ፤ እስከ መጋቢትና እስከ ሚያዝያም ይቈያሉ። በሐሸንጌ በብዛት ከሚታዩት አንዱ አፉ እንደ ማንኪያ የሰፋ ዳክዬ ነው። የወንዱ ራስ አረንጓዴ፣ ደረቱ ነጭ፣ ጐኑም የዛገ ብረት የሚመስል ነው፤ ሴቲቱ ግን እንደ ደረቀ ሣር ቡናማ ናት። ይህ ወፍ የሚመገበው ውሃውን በአፉ እየወሰደ፣ በመንቈሩ ዳር እንደ ወንፊት በተሰለፈው ነገር እያጠለለ፣ በውሃው ውስጥ ያሉትን ጥቃቅን ነፍሳት በማስቀረት ነው። ብዙ ሆነው አንዱ የሌላውን ጭራ እየተከተለ ውሃውን እያናወጡ ሲዞሩ ከሩቅ የሚያያቸው ሰው በአውድማ ላይ የሚዞሩ በሬዎች ይመስሉታል።

ከእንግዶቹ ሌላ ዓመቱን ሙሉ በደጋ ሐይቅ የሚኖሩ አሉ። ከነዚህ አንዱ በራሱ ላይ ጕትዬ ያለው ጠላቂ ወፍ ነው። ዓሣ እያሳደደ ወደ ውሃው ውስጥ ይጠልቃል፤ ጐጆውን ከቄጠማና ከውሃ ሣር ተንሳፋፊ አድርጎ ይሠራል፤ ጫጩቶቹንም በጀርባው አዝሎ ይዋኛል። እግሩ ወደ ኋላው ተጠግቶ የተፈጠረ ስለ ሆነ በየብስ ላይ መሄድ አይሆንለትም፤ ሐይቁ ቢጠፋበት ሌላ ኑሮ የለውም። ሁለተኛው ሰውነቱ ጥቁር፣ መንቈሩና ግንባሩ ነጭ የሆነው የውሃ ዶሮ ነው፤ እርሱም በውሃው ውስጥ የበቀለውን ቅጠል እየነቀለ ይመገባል። በደጋ ውሃ ዳር ባለው ለምለም ሣር ላይ የሚግጠው ክንፈ ሰማያዊ ዝይ ደግሞ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ አይኖርም። ሌላ አገር ያለው ሰው ሊያየው ቢወድ ብዙ ገንዘብ አውጥቶ ወደዚህ መምጣት ግድ ይሆንበታል።

እነዚህ አእዋፍ እያንዳንዳቸው ስለ ሐይቁ አንዳንድ ነገር ይመሰክራሉ። ጠላቂው ወፍ ካለ ዓሣ አለ፤ ውሃውም ዓሣውን ለማየት እስከሚያስችለው ድረስ ጠርቷል ማለት ነው። ጐርፍ አፈር አምጥቶ ውሃውን ሲያደፈርሰው አዳኙ ያደነውን አያይምና ቍጥሩ ይቀንሳል። ጥቁሩ የውሃ ዶሮ ካለ የፀሐይ ብርሃን እስከ ወለሉ ደርሶ ቅጠል ያበቅላል ማለት ነው፤ ወለሉን ደለል ሲሸፍነው ቅጠሉ ይሞታል፤ ወፉም ይሄዳል። በዳሩ ያለው ዝይ ሲጠፋ ደግሞ የዳሩ ሣር ታርሷል፣ ወይም ከልክ በላይ ተግጧል ብሎ መጠርጠር ይገባል።

በዚህ ነገር ላይ ግን አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሐይቅ መሸሽ ሲጀምር በዳሩ ጭቃ ይሰፋል፤ በጭቃ ውስጥ ትል የሚፈልጉ እግረ ረጃጅም ትንንሽ ወፎችም ይበዛሉ። ልምድ የሌለው ቈጣሪ ድምሩን ብቻ አይቶ «ዘንድሮ ወፉ በዝቷል፤ ሐይቁ ደኅና ነው» ብሎ ይጽፋል። እውነቱ ግን ሐይቁ ከዳሩ እየደረቀ ነው። ስለዚህ ወፍ በጅምላ አይቈጠርም፤ በየወገኑ ይቈጠራል እንጂ። የጠላቂው ቍጥር ወርዶ የጭቃው ወፍ ቍጥር ከወጣ ሹሙ ሊደነግጥ ይገባዋል።

ይህን የመሰለ ምስክር ቸል ማለት የሚያመጣው ጕዳት በምሥራቅ በኩል ታይቷል። ከድሬ ዳዋ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ዳር፣ 2,000 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው አገር የሐሮማያ ሐይቅ ይገኛል። የሐረር ከተማ ሕዝብ ለዐሥርታት ዓመታት የሚጠጣው ከዚህ ሐይቅ ነበረ። የኢትዮጵያ የዱር ሕይወትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በፈረንጅ አቆጣጠር በ1996 ባሳተመው መጽሐፍ ለአእዋፍ ታላቅ ጥቅም አላቸው ብሎ 69 ስፍራዎችን ሲዘረዝር፣ ሐሮማያን ከጎረቤቱ ከአዴሌ ሐይቅ ጋራ ከነዚያ ስፍራዎች አንዱ አድርጎ ጽፎት ነበር፤ ሐሸንጌም በዚያው ዝርዝር ውስጥ ይገኛል። ነገር ግን ከተራቈተው ኰረብታ አፈር እየታጠበ የሐሮማያን ወለል ሞላው። ለጫትና ለአታክልት መስኖ የሚተከለው የውሃ መሳቢያ ሞተር ከዓመት ወደ ዓመት በዛ። ከተማውም የራሱን ድርሻ ይስብ ነበር። ጥልቀቱ በጐደለ ቍጥር ፀሐይ አትንና የምትወስደው ፈጥኖ ይሰማ ጀመር። በ1997 ዓመተ ምሕረት ገደማ ሐይቁ ጨርሶ ደረቀ፤ ውሃ ተኝቶበት በነበረው ስፍራ ከብት ተሰማራበት። ለሐረርም ውሃ ከድሬ ዳዋ ቆላ በቧንቧ ወደ ላይ እየተገፋ፣ በብዙ ወጪ እንዲመጣ ግድ ሆነ።

ይህ ሁሉ በአንድ ዓመት የሆነ አይደለም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ በሐሮማያ ግን እያሳሳቀ የተወሰደው ውሃው ራሱ ነው። እያንዳንዱ ባለይዞታ የራሱን አንድ ሞተር እንጂ የጎረቤቱን መቶ ሞተር አያይም ነበር። ሐይቁ በደረቀበት ወራት ገደማ፣ በዚያው በ1997 ዓመተ ምሕረት የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቍጥር 456 ተዳፋቱ ከመቶ 60 የሚበልጥ መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል ደንግጎ ነበር። አዋጅ ግን በወረቀት ላይ ብቻ ሆኖ ተዳፋቱን አይጠብቅም፤ ጠባቂው በስፍራው ያለው ሹም ነው። ከዚያ ወዲህ በተደረገው የአፈርና የውሃ ጥበቃ፣ በዝናሙም ርዳታ፣ በሐሮማያ እንደ ገና ውሃ ተኝቷል፤ አእዋፍም ተመልሰዋል። ይህም ሥራ ከተሠራ ውሃ እንደሚመለስ ያስረዳል። ሆኖም የጠፋውን ሐይቅ እስኪመለስ ከዐሥር ዓመት በላይ መጠበቅና ሳይጠፋ መጠበቅ ወጪያቸው አንድ አይደለም።

ምናልባት አንዳንድ ሹም «ገበሬው ስለ ዘርና ስለ በሬ በሚጨነቅበት ጊዜ ወፍ ቍጠሩ ማለት የባለጠጋና የፈረንጅ ጨዋታ ነው» ይል ይሆናል። ነገሩን በሚገባ ለሚመረምረው ግን የገበሬው ጕዳይ ከዚህ የተለየ አይደለም። ሐይቅ ሲወርድ በዙሪያው ያለው የጕድጓድ ውሃም አብሮ ይወርዳል። በሐይቅ ዳር የሚኖር ባለይዞታ የሸሸውን ውሃ እየተከተለ ማረስ ትርፍ ይመስለዋል፤ ጥቂት ጥማድ መሬት ያገኛል፤ በኋላ ግን ከብቱን የሚያጠጣበት፣ አታክልቱን የሚያለማበት ውሃ ይርቀዋል። ሌላው ደግሞ «ወፍ የእህል ጠላት ነው» ይላል። የእህል ጠላት የሆነው በቆላ ማሽላ ላይ የሚወርደው ግሪሳ ነው። ዝይ በውሃ ዳር ባለ ቡቃያ ላይ አንዳንድ ጊዜ ጕዳት ማድረሱ እውነት ነው፤ ይህም በጠባቂ የሚመለስ ነገር ነው። ማንኪያ አፉ ዳክዬና ጠላቂው ወፍ ግን ከገበሬው እህል አንዲት ፍሬ አይነኩም።

ቈጠራውም ከባድ ሥራ አይደለም። በዓለም ላይ የውሃ አእዋፍ በየዓመቱ በፈረንጆች ጥር ወር እኩሌታ ይቈጠራሉ፤ ይህም ልማድ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1967 ጀምሮ ጸንቶ ይኖራል። ለኢትዮጵያ ወረዳዎች ከጥምቀት በዓል በፊት ያለው ሳምንት የተመቸ ነው፤ ሰማዩ የጠራ፣ እንግዶቹም ወፎች የተሟሉበት ጊዜ ነውና። የወረዳው የእርሻ ሠራተኛ፣ አንድ የትምህርት ቤት መምህር፣ ዳሩን የሚያውቅ አንድ የአገር ሽማግሌ ቢመደቡ ይበቃል። ማለዳ ነፋስ ሳይነሣ ይውጡ፤ ፀሐይን ከኋላቸው አድርገው ይቀመጡ፤ የሐይቁን ዙሪያ በክፍል ከፍለው በየክፍሉ አንድ ጊዜ ብቻ ይቍጠሩ። ወፉ በጣም ሲበዛ በመጀመሪያ መቶ ወፍ አንድ በአንድ ቈጥረው ምን ያህል ስፍራ እንደሚይዝ በዓይናቸው ይለኩ፤ የቀረውንም በዚያ ልክ ይገምቱ። ውሻና ሕፃናት ወፉን እንዳያስነሡት ይከልከሉ። ከዚህም ጋራ በማይነቃነቅ ድንጋይ ላይ የውሃውን ከፍታ ምልክት አድርገው ልኩን ከወፉ ቍጥር አጠገብ ይጻፉ። በየዓመቱ ቀኑ፣ ስፍራውና አቈጣጠሩ አንድ መሆን አለበት፤ አለዚያ የዘንድሮውን ከዐምናው ማስተያየት አይቻልም።

አንድ ዓመት ቢጐድል ወፉ ወደ ሌላ ሐይቅ ሄዶ ይሆናልና መሸበር አያስፈልግም። ሦስት ዓመት በተከታታይ ከጐደለ ግን ምክንያቱን መመርመር የሹሙ ግዴታ ነው። በመጀመሪያ ወደ ተራራው ይመልከት፤ እርከኑ ፈርሶ፣ የተከለለው መሬት ተደፍሮ እንደ ሆነ ያስጠግን። ቀጥሎ በዳሩ ያሉትን የውሃ መሳቢያ ሞተሮች ያስቈጥር፤ ባለይዞታዎቹንም ሰብስቦ በበጋ ወራት በየተራ እንዲያጠጡ ያስማማቸው። ከውሃው ጠርዝ ወደ ውጭ ያለው ሣርና ቄጠማ እንዳይታረስ ወሰን ያስተክል፤ ይህ ሣር ደለሉን የሚያጠልል ወንፊት፣ ለወፉም ጐጆ፣ ለከብቱም በክፉ ቀን የሚታጨድ መኖ ነው። ይህ ሁሉ በወረዳው ጉልበትና በወረዳው ምክር የሚሠራ ስለ ሆነ ከላይ ገንዘብ እስኪመጣ የሚያስጠብቅ አይደለም።

ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው የአባቶች ምክር ለሐይቅም ይሠራል። ሐይቅ ያለበት ወረዳ ሁሉ በመጪው ጥር አንድ ደብተር ይክፈት፤ የመጀመሪያውንም ቍጥር በውስጡ ያስጽፍ። ሹም ይሾማል፣ ይሻራል፣ ወደ ሌላ አገርም ይዛወራል፤ ደብተሩ ግን በመዝገብ ቤት ይቀመጣል። ተተኪው ሹም ሲመጣ የእርሻውን፣ የከብቱንና የግብሩን መዝገብ እንደሚረከብ ሁሉ የሐይቁንም መዝገብ ቈጥሮ ይረከብ፤ ቍጥሩ ጐድሎ ቢያገኝም ከመቼ ጀምሮ እንደ ጐደለ ይጠይቅ።